ርቀት ጎርፍን አይለካም

የወንዝ ዳርቻ ደንብ ወይም የፕላን ማሻሻያ ለነዋሪ ውይይት ሲቀርብ፣ በወረዳው አዳራሽ የሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ናቸው። ይገባል፤ ቤቱ ላይ የቀለም ምልክት የተደረገበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ልጆቹን ይዞ የት እንደሚገባ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ስብሰባው ይበተናል፤ ይህ መስመር የተሰመረው በምን ስሌት ነው? መድረክ ላይ ያለው ባለሙያ «በስታንዳርዱ መሠረት» ብሎ ያልፋል፣ ማንም አይከተለውም። ስታንዳርዱ ምን ይላል? ማን ለካው? የትኛውን ዝናብ አስቦ?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ወንዝ አፋፍ ላይ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ ያስፈልጋል። በነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ላይ የወረደው ደራሽ ጎርፍ የሰባት ሰው ሕይወት ወስዷል፤ «ደንቡ ይቅርልን» የሚል ተቃውሞ ላይ አልፈርምም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የአደጋውን ቀጠና ከወንዝ በሚለካ አንድ ወጥ ርቀት መወሰን አንደኛው ስህተት ነው። የጎርፉን ዕዳ ሁሉ ታች ባለው ሰው ላይ ጭኖ፣ ውሃውን የሚለቀውን የላይኛውን ግቢ ምንም አለመጠየቅ ሁለተኛው።

የመሐል ከተማውን መሬት የሚያውቅ ሰው ርቀት ለምን እንደማይሠራ አያጣውም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀጨኔ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንቲ ይቀጡ ሁሉም ይህን ቁልቁለት ይዘው ይወርዳሉ፤ ከአቃቂ ጋር ተቀላቅለው ወደ አባ ሳሙኤል፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይገባሉ። በላይኛው ክፍል ብዙ ቦታ ገደል ቆፍረው ነው የሚሄዱት። ወደ ታች ሲወርዱ ዳርቻቸው ይረግባል፣ ውሃውም ሜዳ ሲያገኝ ወደ ጎን ይተኛል።

ሁለት ቤት እናስብ። አንደኛው ከወንዙ የሚርቀው 15 ሜትር ነው፤ ግን ከወንዙ ወለል 9 ሜትር ከፍ ብሎ አለት ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው 60 ሜትር ይርቃል፤ ከፍታው ግን አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ደንቡ 30 ሜትር ካለ የመጀመሪያው ይፈርሳል፣ ሁለተኛው የግንባታ ፈቃድ ያገኛል። ሐምሌ ላይ ውሃ የሚገባው የትኛው ቤት እንደሆነ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። (30 ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ቁጥሩን 20 ወይም 50 ቢያደርጉት ስህተቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።)

ርቀቱስ ከየት ተነስቶ ነው የሚለካው? ከወንዙ መሐል፣ በበጋ ውሃው ከሚነካው ጠርዝ፣ ወይስ ከአፋፉ ጫፍ? ገደላማ በሆነ ቦታ በእነዚህ ሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ያ ደግሞ አንድ ሙሉ ግቢ ነው። ረቂቁ «ከወንዙ ዳር» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ሜትሩን የሚዘረጋው ባለሙያ በዚያ ቀን የቆመበት ቦታ ሕግ ሆነ ማለት ነው። በአንድ ሰፈር ከአፋፉ፣ በሌላው ከውሃው ጠርዝ ቢለካ ማንም ተጠያቂ አይሆንም። በጽሑፍ የሚቀርብ ተቃውሞ መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፤ አጭር ነው፣ አያከራክርም፣ ለማስተካከልም አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ገደሉ ላይ ያለው ቤት ጎርፍ አይደርስበትም ማለት ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የእሱ ጠላት ናዳ ነው። ውሃው ከግርጌ አፈሩን ይልጠዋል፣ አፋፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዝናብ የጠጣው አፈር ከብዶ ይወርዳል። ይህ የራሱ መለኪያ አለው፤ ከገደሉ ግርጌ ተነስቶ፣ በአፈሩ ዓይነት በሚወሰን ተዳፋት ወደ ላይ የሚሳብ መስመር። ለልቅ አፈር አንድ ወደ ላይ ሁለት ወደ ጎን ብንወስድ፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው አፋፍ ከግርጌው 20 ሜትር ይጠይቃል። ጠንካራ አለት ከሆነ እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ጎርፍንና ናዳን በአንድ ቁጥር የጠቀለለ ደንብ ሁለቱንም አልለካም። «ድጋፍ ግንብ ስለሠራሁ መስመሩ አይመለከተኝም» ለሚል ባለይዞታም መልስ አለ። ግንቡ ከጀርባው ያለውን ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው፣ በየ2 ሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከጀርባው ጠጠር ተሞልቶ ካልተቀበረ፣ የሚገፋው አፈሩ ብቻ ሳይሆን የውሃው ክብደትም ጭምር ነው። ከተማው ውስጥ በክረምት የሚፈርሱ ግንቦችን ጠጋ ብሎ ላየ፣ ብዙዎቹ ቀዳዳ የላቸውም ወይም ቀዳዳቸው በሲሚንቶ ተደፍኗል።

ታዲያ የጎርፍ ቀጠና በምን ይወሰን? በውሃው ከፍታ። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም በስሙ ሊጠየቅ ይገባል። በየ20 ወይም 25 ሜትሩ የተወሰደ የወንዙ አግድም ቁራጭ (ቅርጹን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ልኬት)፣ ለስሌቱ የተመረጠው ጎርፍ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደተገመተ፣ ከውሃው ወለል በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያ እንደተጨመረ፣ ድልድዮቹና ካልቨርቶቹ (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፉት) ንጹሕ ናቸው ተብሎ ነው ወይስ በከፊል ተዘግተው ይሆናል ተብሎ የተሰላው። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ ወንዞች ላይ ጎርፍ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከድልድይ በላይ ነው፤ ግንድ፣ ፍራሽ፣ ፌስታልና የተጣለ አፈር የድልድዩን አፍ ሲያጠብ ውሃው ወደ ኋላ ይቆለላል።

የዓመቱን ቁጥር በተመለከተ አንድ ብዥታ ማጥራት ይገባል። «የ100 ዓመት ጎርፍ» በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየትኛውም ዓመት አንድ በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። የ25 ዓመት ጎርፍ ከተወሰደ ደግሞ ይኸው ዕድል ወደ 71 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ ረቂቁ የ25 ዓመት ጎርፍን ይዞ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሁሉ «ደኅና» ካለ፣ ተቃውሞው ከሚፈርስበት ሰው ብቻ ሳይሆን ከሚቀረውም ሰው መምጣት ነበረበት።

ነዋሪው ራሱ ሊለካ የሚችለው ነገርም ትንሽ አይደለም። ጎርፍ አልፎ ሲሄድ ግድግዳ ላይ የደለል መስመር፣ ቅርንጫፍና አጥር ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅና ፌስታል ይተዋል። መስመሩ በሚቀጥለው ዝናብ ከመታጠቡ በፊት በምስማር ወይም በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ሜትር ከጎኑ ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳ፤ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ምልክቱን ከቤቱ ወለል ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ግንበኞች በየቀኑ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዞ ውሃው እኩል መቆሙን ማየት ነው። በአንድ ሰፈር አምስት ስድስት እንዲህ ያለ ምልክት ከተሰበሰበ፣ አንድ ሰርቬየር በግማሽ ቀን ከቤንች ማርክ (ከፍታው ከሚታወቅ ቋሚ ምልክት) ጋር አያይዞ ወደ ትክክለኛ ከፍታ ይለውጠዋል። ቢሮ ውስጥ የተሠራ ሞዴል ከእውነተኛ የደለል መስመር ጋር ሲጋጭ፣ መታረም ያለበት ሞዴሉ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ልጠቁም። በይዞታ ካርታ ላይ ያሉት ኮኦርዲኔቶች ብዙውን ጊዜ አዲንዳን በሚባል ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) የተጻፉ ናቸው፤ የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ይሠራል። ሳይቀይሩ አንዱን በሌላው ላይ የጫነ ሰው ግቢውን ከ200 ሜትር በላይ ያሸሸዋል። በዚህ ምክንያት ሲጮህ የከረመው ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ይገኛል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ተዝናንቶ ተኝቷል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጎርፍ የሚያመጣው ግን ዓመታዊው ድምር አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደፋው ነው። 500 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 15 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ግቢው ሣርና ዛፍ በነበረበት ጊዜ ከዚህ 30 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 4.5 ሜትር ኩብ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ጣሪያ፣ ሲሚንቶና ንጣፍ ከሸፈነው በኋላ 90 በመቶው፣ 13.5 ሜትር ኩብ ይወጣል። ልዩነቱ 9 ሜትር ኩብ ነው፤ ዘጠኝ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እንደ መገልበጥ። የአንድ ግቢ ብቻ ነው ይህ።

በሰፈር ደረጃ ስሌቱ ያው ነው። የመሬቱን የማፍሰስ መጠን (ከዝናቡ ወደ ውጭ የሚወጣውን ድርሻ)፣ የዝናቡን ጥንካሬ በሰዓት በሚሊ ሜትር፣ ስፋቱንም በሄክታር አባዝቶ ለ360 ማካፈል በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚመጣ ይሰጣል። 20 ሄክታር መሬት፣ በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንውሰድ። አብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ የማፍሰስ መጠኑ 0.4 ከሆነ 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። አብዛኛው ተሸፍኖ 0.8 ሲደርስ 3.6 ይሆናል። እውነታው ከዚህም ይከፋል። መሬቱ ሲነጠፍና ቦዩ ሲለሰን ውሃው ቶሎ ይደርሳል፤ በ6 በመቶ ተዳፋት አንድ ኪሎ ሜትር የሚወርድ ውሃ በተፈጥሮ ቦይ እንኳ ወደ 12 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጅበት። የመድረሻ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ለስሌቱ የሚያዘው የዝናብ ጥንካሬ ከፍ ይላል።

ይህን የሚቀበለው ቱቦስ? በ2 በመቶ ተዳፋት የተቀበረ የ1 ሜትር ዲያሜትር የኮንክሪት ቱቦ፣ ንጹሕ ሆኖ ሲሞላ፣ በሰከንድ 3.4 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። ለ1.8 እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ይበቃል፤ ለ3.6 አይበቃም። ግማሹ በደለል ከተሞላ ግን ማሳለፍ የሚችለው ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ከሙሉ አቅሙ ሲሶውን በትንሹ ነው የሚበልጠው። ምክንያቱም ስፋቱ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ውሃው የሚታከከው ወለል ይጨምራል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለደንብ አርቃቂዎች ደስ አይልም፤ ያልተጠረገ ቱቦ ሰፈሩ አረንጓዴ በነበረበት ዘመን የነበረውንም ውሃ አያሳልፍም። የጎርፍ ቀጠና ሲሰላ ግን ቱቦው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ጠረጋው በአብዛኛው ክረምቱ ሲቃረብ ይጀመራል። ከቦይ የወጣው ደለል እዚያው ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ይቀራል፤ የጭነት መኪና ሳይመጣ የሰኔ ዝናብ ይደርስና መልሶ ያስገባዋል። ካልቨርት ውስጥ ያለፈ የውሃ መስመር ወይም የቴሌ ኬብል ፌስታልና የሀይላንድ ጠርሙስ ያጠምዳል፤ አንዴ ከተያዘ ሌላው ይደረብበታል። የመጸዳጃ ፍሳሽ በስውር ከዝናብ ቦይ ጋር የተገናኘበት ቦታ ደግሞ ቅባቱ ደለሉን ያጣብቀዋል፤ በአካፋ እንኳ አይለቅም። አስፋልት በአስፋልት ላይ በተደረበ ቁጥር መንገዱ ከግቢው በላይ ይሆናል፣ የግቢው በር የቦይ አፍ ይሆናል። የዝናብ ቦዩ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የመጸዳጃ መስመሩ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ቆሻሻው የጽዳት አስተዳደር ነው። ማንሆል ሞልቶ ሲፈስ ለየትኛው እንደሚደወል አዋቂም ይቸገራል። ተቃውሞው ውስጥ «ለዚህ ተፋሰስ የጠረጋ መርሐ ግብሩ የማን ነው፣ ደለሉ በስንት ቀን ይነሳል» ብሎ መጠየቅ ከጉዳዩ መውጣት አይደለም፤ የተሰመረው መስመር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ የለቀቀ በደንብ ቁጥር 180/2017 ይቀጣል። መርሁ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው፤ የበከለ ይከፍላል። በግማሽ ሰዓት 9 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ወደ ታች የሚልከው ባለ ፎቅ ግን የሚጠየቀው ነገር አሸንዳውን መንገድ ላይ እስካላፈሰሰ ድረስ ጥቂት ነው። የእኔ ሐሳብ፣ ከወንዝ ዳር መስመሩ ጋር በአንድ ደንብ ውስጥ የላይኛው ግቢ ግዴታም ይግባ የሚል ነው፤ አዲስ ግንባታ ከመሠራቱ በፊት ከነበረው በላይ ውሃ በአንድ ጊዜ እንዳይለቅ።

ይህ በተግባር ማቆያ ታንክ ነው። ለ500 ካሬ ሜትሩ ግቢ 6 ካሬ ሜትር ወለልና አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ታንክ 9 ሜትር ኩብ ይይዛል። ግርጌው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ቢተውለት፣ ሞልቶ ሳለ በሰከንድ 2.3 ሊትር ያህል ይለቃል፤ ግቢው ሣር በነበረ ጊዜ ይለቅ ከነበረው ጋር ተቀራራቢ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሁለት ሰዓትና በጥቂት ደቂቃ ባዶ ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ከተደረገ ቶሎ ይለቅና ጥቅሙ ይቀንሳል፤ 2 ከተደረገ በቅጠል ይደፈናል። ስለዚህ ከቀዳዳው በፊት ደለል የሚቀመጥበት ጉድጓድና ተነቅሎ የሚታጠብ ወንፊት፣ ከላይ ደግሞ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ የግድ ናቸው።

እዚህ ጎልቶ የሚነሳ ችግር አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማን ነው ታንኩን ባዶ አድርጎ የሚጠብቅ? ባለቤቱ ቀዳዳውን ይደፍንና ለልብስ ማጠቢያ ያጠራቅማል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ታንኩ ሙሉ ነው፣ ለጎርፉ ምንም አልጠቀመም። መከልከል አይሠራም። የሚሠራው ታንኩን መክፈል ነው፤ ታችኛው ክፍል ለመጠቀሚያ ይጠራቀም፣ ቀዳዳው ከዚያ በላይ ይሁን፣ 9 ሜትር ኩቡ ከቀዳዳው በላይ ይቆጠር። ታንኩ ትንሽ ይተልቃል፤ ባለቤቱ ግን የሚደፍንበት ምክንያት ያጣል።

«ውሃው መሬት ውስጥ ይስረግ» የሚለው ግዴታ ግን በጅምላ እንዳይገባ እቃወማለሁ። በጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ከንቱ ነው፤ አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይዘጋል፣ ለዓመታት የጎረቤትን መሠረት ሲያነሳና ሲጥል ይኖራል። በአፋፍ ላይ ደግሞ ናዳ መጥራት ነው። ቀይ አፈር ባለበትና ተዳፋቱ ረገብ ባለበት ቦታ ሊሠራ ይችላል፤ ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ጎንና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አንድ ሌሊት በውሃ አርሶ፣ በነጋታው ሞልቶ በ30 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ መለካት ነው። ሙከራው በበጋ ከተሠራ የተሰነጠቀው አፈር ውሃውን ይውጥና ያታልላል። በክረምት ይሠራ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብም አይሁን።

ወደ አቤቱታው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 እና 92 ሕዝብ በሚነካው ልማትና የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ እንዲመከር መብት ይሰጣሉ፤ ሁለቱንም በመግቢያው መጥቀስ ይጠቅማል፣ ብቻቸውን ግን አያሸንፉም። ይበልጥ ስለታም የሆነው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ቢሮዎች የሚያወጡት መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ የአዲስ አበባ አስፈጻሚ አካላትንም ይመለከታል። እዚህ ላይ ደንብና መመሪያን መለየት ያስፈልጋል። ደንቡን የሚያወጣው የከተማው ካቢኔ ነው፤ ሜትሩና ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ቢሮው በሚያወጣው መመሪያ ወይም «ስታንዳርድ» ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ቁጥር የተጻፈበት ሰነድ ስሙና ቁጥሩ ምንድነው» ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከ2016 ማሻሻያው ጋር ይነበባል፣ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። የጊዜ ገደብ ስላለው ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ መጻፍ ነው።

በመሐል ከተማ ወንዝ ዳር የሚኖረው ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ይዞታ የለውም፤ ስለ ካርታና ስለ ሊዝ የሚጻፍ አቤቱታ እሱን ያገልለዋል። የጋራ ተቃውሞው በውሃ ከፍታ፣ በጠረጋና በላይኛው ግቢ ላይ ከተመሠረተ ግን ባለካርታውም ተከራዩም አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። የካሳው ጉዳይ ለየብቻ ይቅረብ። ሁለቱ ሲደባለቁ መልሱ የሚመጣው ለካሳው ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ «ሰፊ ውይይት ተደርጎ ተግባብተናል» ተብሎ ይጻፋል።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በመጀመሪያው ገጽ አንቀጹ በቁጥሩ ተጠቅሶ ምን እንደሚጎድለው፣ በምን ቃል ቢተካ እንደሚሻል ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ከወንዙ 30 ሜትር» የሚለው «ከተሰላው የ50 ዓመት ጎርፍ ወለል 60 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ እንዲሁም ከገደሉ ግርጌ በአፈር ጥናት ከተወሰነው ተዳፋት ውጭ» በሚለው ይተካ ብሎ። በሁለተኛው ገጽ የደለል ምልክቶቹ ሰንጠረዥ፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከወለል በላይ ቁመቱ። ፎቶዎቹ በቁጥር ተያይዘው። አንዱ ቅጂ ለፕላንና ልማት ቢሮ፣ አንዱ ለክፍለ ከተማው፣ አንዱ ለመንገዶች ባለሥልጣን። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግ ከመዝገብ ቤት አትውጡ፤ ለሁለተኛው ደብዳቤ የሚያስፈልገው ያ ቁጥር ነው።